«ባዶ ቦታ ነው» ተብሎ ጅረታችን ሊሸነሸን ነው፤ ምን ይሻላል?

የጅረቱ ጎረቤት · ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 2፡15

እንደምን አመሻችሁ። የምኖረው ከአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ ጫፍ፣ ከየካ ተራራ ሥር በተሠራ ኮንዶሚኒየም ነው። ዕጣ ደርሶኝ ከገባሁ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከመጨረሻው ብሎክ ጀርባ፣ ከተራራው በሚወርደው ጅረት ግራና ቀኝ፣ ማንም ያልሠራበት ቁልቁለት አለ። ወርዱ በሰፊው በኩል ሰማንያ እርምጃ ነው፤ በጠባቡ በኩል ሠላሳ አይሞላም። የለካሁት በራሴ እግር ስለሆነ ቀያሾች አትሳቁብኝ።

ወይራ አለበት፤ ሁለት ያረጁ ጽዶች፣ ብሳና፣ ክትክታም አለ። አንደኛው ጥግ ላይ አጋሙና ቀጋው ተቆላልፈው ሰው አያስገቡም። ዳማከሴ የሚቀጥፉ እናቶች ይመጣሉ። በክረምት ውኃው ጉልበት ይደርሳል፤ በግንቦት ክር ያክላል እንጂ ደርቆ አይቼው አላውቅም። ልጄ እግር ያላወጣች እንቁራሪት በላስቲክ ቀድታ ወደ ቤት ያመጣችው ከዚያ ነው። ዓሣ ነው ብላ ተከራከረችኝ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዎች ችካልና ቀይ ቀለም ይዘው መጡ። ሁለቱንም ጽዶች መስቀለኛ ምልክት አደረጉባቸው። ወርጄ ጠየቅኋቸው። አንደኛው፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ «እትዬ፣ ይህ ባዶ ቦታ ለቤት ማኅበር ሽንሻኖ ሊወጣበት ነው» አለኝ። በማግስቱ ከመሥሪያ ቤቴ አስፈቅጄ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድሁ። መስኮቱ ላይ የነበረው ሠራተኛ ኮምፒውተሩን ቃኘት አድርጎ «ባዶ ነው የሚለው» አለና ቀጣዩን ባለጉዳይ ጠራ።

ለብሎካችን ኮሚቴ ሳሳውቅ መጀመሪያ የተጠየቅሁት ጥያቄ «ስንት ካሬ ይደርሳል?» የሚል ነበር። በዚህ ነገር ያለፈ ሰው ካለ ከየት እንደምጀምር ይንገረኝ።

ቆጣቢው ዘጠና ሰባት · ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 3፡02

እኔ በ1997 ለኮንዶሚኒየም የተመዘገብሁ ነኝ። በ2005 እንደገና ተመዝገቡ ሲባል ከ900 ሺህ ከሚበልጠው ሕዝብ ጋር ተሰልፌ እንደገና ተመዘገብሁ፤ በየወሩ ቆጠብሁ። እስከ ዛሬ ሰባት ቤት ተከራይቻለሁ። አሁን ያለሁበት ቤት አከራይ ባለፈው ወር «ልጄ ስለምትመጣ ልቀቅልኝ» አለኝ። ልጅቱ እንደማትመጣ እሱም እኔም እናውቃለን።

እና እትዬ፣ ስለ እንቁራሪት ያነበብሁት በዚህ ስሜት ውስጥ ሆኜ ነው። እርስዎ የገቡበት ብሎክ ከሰማይ አልወረደም። ቦሌ አራብሳም ኮዬ ፈጬም የሰው እርሻ ነበሩ፤ የእርስዎም ሰፈር እንደዚያው ነው። ያን ጊዜ ማን ጮኸ? ቤት ያገኘ ሰው ከኋላው በሩን መዝጋት ይወዳል። ይቅርታ፣ ግን የልቤን ነው የምናገረው።

የጅረቱ ጎረቤት · ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 3፡40

ይቅርታ አያስፈልገውም፤ የተናገርኸው እውነት ነው። የብሎካችን ዘበኛ፣ እኛ ጋሼ የምንላቸው ሰው፣ ዛሬ ማታ ማታ መኪና የሚጠብቁበት ቦታ የራሳቸው የጤፍ ማሳ ነበር። አንድ ቀን በጣታቸው አሳይተውኛል፦ «አውድማው ያ ነጭ መኪና የቆመበት ጋ ነበር»። መኪናው የእኔ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ቦታ ነው የማቆመው፤ ምን እንደሚጠቅማቸው ግን አላውቅም።

ጅረቱ ግን ያኔም አልታረሰም። እሳቸው እንደሚሉት አባታቸውም አያታቸውም ከብት ያጠጡበት ነበር እንጂ ሞፈር አላስገቡበትም። ለዘጠና አባወራ የሚሆን ቤት እዚያ ከሚሠራ ሌላ ቦታ የለም ብሎ የሚያሳየኝ ሰው ካለ ክርክሩን እተዋለሁ።

መሬት ፈላጊ · ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 3፡44

ማኅበሩ የጎደለ አባል አለው ወይ? በውስጥ መስመር አናግሩኝ።

አወያይ · ጥቅምት 11፣ ከምሽቱ 4፡10

ከላይ ያለውን ጽሑፍ ለታሪክ ትቼዋለሁ። ተመሳሳዩ ከተደገመ ግን ይሰረዛል።

ጡረተኛ ቀያሽ · ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 1፡05

እመቤቴ፣ በእርምጃ መለካትዎ አያስቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት በቅየሳ ሥራ ኖሬያለሁ፤ መጀመሪያ የተማርሁትም በእርምጃ ነው።

በመጀመሪያ አንድ ነገር እለምንዎታለሁ። ችካሉን ማንም እንዳይነቅል። የተናደደ ወጣት ሌሊት ነቅሎ ወንዝ ውስጥ ይጥለዋል፤ በማግስቱ ወሬው ስለ ጅረቱ መሆኑ ይቀርና ስለ ወንጀል ይሆናል። ይልቅ እያንዳንዱን ችካል ከእነ ቁጥሩ ፎቶ ያንሱ። የስልክዎ ካሜራ የቦታውን ኮኦርዲኔት እንዲመዘግብ አድርገው ያንሱ፤ በወረቀት ላይ ከሚወጣው ሽንሻኖ ጋር የሚመሳከረው እሱ ነው።

«ባዶ» የሚለውን ቃል በተመለከተ፣ በእኛ ሥራ «ባዶ» ማለት የይዞታ ማረጋገጫ ያልወጣበት ማለት ነው። ዛፍ ይኑርበት፣ ምንጭ ይፍለቅበት፣ ጅብ ይደርበት፣ ካርታ ከሌለው በመዝገቡ ባዶ ነው። ሠራተኛው አልዋሸም፤ የሚያየው ሰሌዳ የሚነግረውን ነው ያነበበው። ስለዚህ ከእሱ ጋር መጣላት ጊዜ ማባከን ነው። እርስዎ መጠየቅ ያለብዎት የይዞታ መዝገቡን ሳይሆን ፕላኑን ነው። ሁለቱ የተለያዩ መሥሪያ ቤቶች ናቸው፤ ብዙ ጊዜም አይነጋገሩም።

የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን መነሻው 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለጋራ መጠቀሚያ፣ 40 በመቶ ለግንባታ የሚል ነው። ከሱ ሥር የአካባቢ ልማት ፕላን ይወጣል፤ ያ ነው የእርስዎን ጅረት በቀለም የሚያሳየው። አረንጓዴ ከተቀባ ሽንሻኖ ሊወጣበት አይገባም፤ የሚወጣው ፕላኑ በሥርዓት ከተሻሻለ ብቻ ነው። ያን የማሻሻያ ቃለ ጉባኤ እንዲያሳዩዎት ይጠይቁ። በእኔ ዘመን ብዙ ጊዜ ቃለ ጉባኤው አይገኝም ነበር።

አረንጓዴ ቦታ በአንድ ቀን አይሞትም። መጀመሪያ ማንም አያጥረውም። ከዚያ ሲኖትራክ ሌሊት የግንባታ ፍርስራሽ ይደፋበታል። ቆሻሻው ሲከማች «የሌባ መሸሸጊያ ሆነ» የሚል አቤቱታ ከነዋሪው ራሱ ይመጣል። እዚህ ላይ ስንቱን የነዋሪ ፊርማ አይቻለሁ! ያኔ «ይልማልን» የሚለው ጥያቄ ልመና መስሎ ይቀርባል። የእርስዎ ቦታ ከእነዚህ የትኛው ላይ እንደደረሰ ይመልከቱ።

የ1988 የመስመር ካርታና የ1997 የአየር ፎቶ በከተማው መሬት አስተዳደር እጅ አሉ። ሰው ይዞታው ነባር መሆኑን ሊያስረዳ ሲፈልግ የሚጠቀስለት እነሱን ነው። ጅረቱ በሁለቱም ላይ እንደሚታይ አልጠራጠርም። ለሰው ይዞታ ማስረጃ የሚሆን ፎቶ ለጅረት የማይሆንበት ምክንያት የለም።

የጅረቱ ጎረቤት · ጥቅምት 12፣ ከጠዋቱ 2፡20

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ፍርስራሹ በታችኛው በኩል መደፋት ከጀመረ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እና አፍሬ ልናገር፤ «የሌባ መሸሸጊያ» የሚለው አቤቱታ ላይ እኔም ፈርሜያለሁ። መብራት እንዲገባ ነበር የጠየቅነው።

ተመልካች · ጥቅምት 12፣ ከቀኑ 6፡30

በ2011 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተከልን የተባለበት አገር ነው። ሁለት ጽድ ቢቆረጥ አሥር ሺህ ሌላ ቦታ መትከል ይቻላል። ደግሞስ አብዛኛው ባሕር ዛፍ አይደለም እንዴ? ነገር አታግንኑ።

የማለዳ ወፍ · ጥቅምት 12፣ ከምሽቱ 1፡15

ተመልካች፣ ባሕር ዛፍ ቢሆን ኖሮ እኔም ይህን ያህል አልሟገትም ነበር። ጥቅጥቅ ብሎ ከተተከለ ባሕር ዛፍ ሥር ገብተህ ታውቃለህ? ደረቅ ቅጠልና ቅርፊት እንጂ ሌላ ነገር ብዙ አታይም። እትዬ የዘረዘሩት ግን ወይራ፣ ጽድ፣ ብሳና፣ አጋም፣ ቀጋ ነው። ይህ በአዲስ አበባ ዙሪያ ድሮ የነበረው የደጋ ደን ትራፊ ነው። ቁጥቋጦውን ደግሞ ሰው «ጫካ ሆነ፣ ይጽዳ» ይላል እንጂ ከዛፉ እኩል ዋጋ አለው፤ ወፎቹ ጎጆ የሚሠሩት እዚያ ነውና።

የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎቼን ይዤ ወፍ እቆጥራለሁ። የየካ ግርጌ ጅረቶችን ስለማውቃቸው አንድ ነገር ላሳይህ። ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት በፊት አጋሙ አጠገብ ቁጭ በል። መጀመሪያ የምትሰማው ሰፈሩን ሁሉ የሚቀሰቅሰውን ትልቁን ጠቆር ያለ ወፍ ነው፤ ምንቃሩ እንደ ማጭድ የጎበጠ፣ ከአገጩ ሥር ቀጭን ሥጋ የሚያንጠለጥል፣ ሲበር ክንፉ ላይ ነጭ የሚታይ። ሁሉም ሰው ጩኸቱን ይሳደባል፤ ይህ ወፍ ግን ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ በቀር በዓለም የትም አይገኝም። እሱ ሲያልፍ ከቁጥቋጦው ውስጥ አንድ ግራጫ ወፍ ይዘምራል፤ ከጅራቱ ሥር ቀላ ያለ ነው፤ ድምፁ እንደ ዋሽንት ይጥማል፤ ራሱን ግን አያሳይም። ተማሪዎቼ ሲያገኙት በጣታቸው ከማመልከት ይልቅ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ።

ችግኝ መትከልን አልጠላም፤ እኔም ተክያለሁ። ግን የወይራ ችግኝ ያን ወይራ የሚያክለው የልጅ ልጅህ ሲያረጅ ነው። እስከዚያ ወፉ የት ይቆይ?

ሌላው ነገር የቦታው ቅርጽ ነው። ሰማንያ እርምጃ ወርድ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከላይ ተራራውን፣ ከታች ወንዙን የሚያገናኝ መንገድ ነው። የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከል 705 ሄክታር አለው፤ ድኩላም አለው። ድኩላ፣ ጅብ፣ ወፍ፣ የአበባ ዘርም ጭምር ከአንድ ደን ወደ ሌላው የሚሻገረው በእንደዚህ ያለ ቀጭን መስመር ነው። መሐሉን ቆርጠህ ሁለቱን ጫፍ ብትጠብቅ መሰላሉን ወስደህ ሁለቱን ፎቅ እንደ መተው ነው።

እትዬ፣ ከፈቀዱ ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። ዝርዝር እንሠራለን፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት፣ የት። ወደ ቢሮ ሲሄዱ «አረንጓዴ ነው» ከማለት ዝርዝሩን ጠረጴዛ ላይ ማስቀመጥ ይሻላል።

የቀበና ልጅ · ጥቅምት 13፣ ከጠዋቱ 3፡30

ስለ ባሕር ዛፍ ክፉ ሲወራ ዝም ማለት ስለማልችል ነው የገባሁት። ዕድሜዬ ሰባ አንድ ነው። እንጦጦና ዙሪያው በማገዶ ከተራቆተ በኋላ አፄ ምኒልክ ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ጀምረው ነበር። በ1880ዎቹ መጨረሻ ገደማ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ባይደርስ ኖሮ ዛሬ የምንከራከርባት አዲስ አበባ ራሷ አትኖርም ነበር። እንጨት ተሸክመው ከእንጦጦ የሚወርዱት ሴቶችም ጀርባቸው እስኪጎብጥ የኖሩት በእሱ ነው። ስለዚህ ረጋ በሉ።

ይህን ካልሁ በኋላ ግን መምህሩ ልክ ነው። እኛ ልጆች ሆነን ቀበና ወንዝ ውስጥ ዋኝተናል። «ዋኝተናል» ስል የልጅ ልጆቼ ያሾፉብኛል፤ ዛሬ እጁን የሚነክርበት የለም። ወንዙ የሞተው ፋብሪካ ስለ ገደለው ብቻ አይደለም። ከዳር ከዳር አንድ ቤት፣ ከዚያ አንድ መጸዳጃ ቤት፣ ከዚያ አንድ አጥር እየተጨመረ ነው። ሁሉም «የእኔ ትንሽ ነው» ይል ነበር። የእኛም ቤት አጥር ሁለት ጊዜ ወደ ወንዙ ተገፍቷል። አባቴ ናቸው የገፉት፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ከዚራ · ጥቅምት 13፣ ከቀኑ 8፡10

ከድሬዳዋ ነኝ። «በበጋ ክር ያክላል» የሚለውን ሳነብ ሆዴ ተረበሸ። የደቻቱን ወንዝ የማያውቅ ሰው በበጋ ቢያየው አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ሰው አቋርጦት ያልፋል፣ ዳሩ ላይ ሰው ሰፍሮ ነበር። እሱም «ባዶ» ነበር።

ለሐምሌ 30 ቀን 1998 አጥቢያ ሌሊት ውኃው ከላይ ከሐረርጌ ተራሮች መጣ። የተኛ ሰው ምንም አልሰማም፤ የሰማው ግድግዳው ሲወድቅ ነው። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። የሰፈራችን አንዲት እናት በማግስቱ አሸዋው ላይ አንድ እግር ጫማ ይዛ ትዞር ነበር፤ ሌላኛውን እግር ትፈልጋለች። ከዚያ በላይ አልናገርም።

የእናንተን ጅረት አላየሁትም። ነገር ግን ተራራ ሥር ነው፤ ከላይ ያለው ደን እየሳሳ፣ ዙሪያው በአስፋልትና በቆርቆሮ እየተሸፈነ ከሆነ ውኃው ወደ መሬት መስረጉን ትቶ በአንድ ጊዜ ነው የሚመጣው። ቆጣቢው፣ ወንድሜ፣ የቤት ችግርህ ይገባኛል። እዚያ ላይ የሚሰጥህን ቤት ግን አልመኝልህም።

ጣና ዳር · ጥቅምት 13፣ ከምሽቱ 2፡50

ባሕር ዳርም ያው ነው፤ የእኛ «ባዶ ቦታ» ደንገል የሚባለው ረጅም ሣር መሰል ተክል የሚበቅልበት ነው። ሐይቁ ዳር ያለው ረግረግ በገረጋንቲ ይሞላና ከሁለት ክረምት በኋላ «ደረቅ መሬት» ተብሎ ይቀየሳል። ሙሌቱን የሚያመጣውን መኪና ማንም አያውቀውም። ሁልጊዜ ሌሊት ነው።

ደንገሉ ለእኔ ታንኳ ነው። የነገደ ወይጦ ሰዎች ሲሠሩት ሳይ ነው ያደግሁት፤ ያጭዳሉ፣ ያደርቃሉ፣ ጠፍረው ጠፍረው አፍንጫውን ወደ ላይ ይመልሱታል። ውኃ ሲጠግብ ይከብዳልና ከጥቂት ሳምንት በላይ አያገለግልም፤ ስለዚህ ደንገሉ በቅርብ ከሌለ ታንኳው የለም። ቆሮሶና አምባዛ የሚባሉት ዓሦችም የሚራቡት በዚያ ዳር ነው። አሁን ታንኳ ሠሪው ደንገል ፍለጋ ሩቅ ይሄዳል። ጣና በ2007 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ደስ ብሎን ነበር። ምዝገባው ገረጋንቲ የጫነ መኪና አያስቆምም።

እውነቱን ለመናገር ደንገሉን የሚጨርሰው ቤት ሠሪው ብቻ አይደለም። ሐይቁ ሲሸሽ የሚያርሰው ገበሬም አለ፣ እምቦጩም አለ። ቤት የተሠራበት ግን ተመልሶ ረግረግ አይሆንም፤ ልዩነቱ እሱ ነው።

ባለ አንቀጹ · ጥቅምት 14፣ ከጠዋቱ 4፡00

ጠበቃ ነኝ። ስሜቱን ለእናንተ ትቼ ወደ ወረቀቱ ልግባ።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 43 እና 92 ደግሞ ሕዝብ በሚነኩት ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳቡን እንዲሰጥ ያዝዛሉ። ይህን አቤቱታው መግቢያ ላይ ጻፉት፤ ግን በእሱ ብቻ አትደገፉ። ቢሮ ውስጥ ያለ ሰው ሕገ መንግሥት ሲጠቀስበት ጨዋ ሆኖ ያዳምጥና ፋይሉን ይዘጋል።

ጥርስ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ግምገማ የሚጠይቅ ፕሮጀክት ፈቃድ ሳያገኝ እንዳይጀመር ይከለክላል። ለፕሮጀክቱ የሥራ ፈቃድ የሚሰጠውም አካል መጀመሪያ ያን ማረጋገጥ አለበት። ሪፖርቱም ለሕዝብ ክፍት መሆን፣ በተለይ የአካባቢው ሰው አስተያየት መካተት አለበት። የትኛው ፕሮጀክት ግምገማ እንደሚያስፈልገው በመመሪያ ይወሰናል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ደብዳቤያችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ይኑረው፦ ለዚህ ቦታ ግምገማ ተደርጓል ወይስ አያስፈልገውም ተብሏል? ያለውም ሆነ የለም የሚለው መልስ በጽሑፍ ይሁን።

ቀጥሎ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ 300/1995፣ አንቀጽ 11። ብዙ ሰው አያውቀውም። በአካባቢ ላይ ጉዳት በሚያደርስ ወይም ሊያደርስ በሚችል ሰው ላይ ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው፣ ለአካባቢ ጥበቃው አካል አቤት ማለት ይችላል። አካሉ በሠላሳ ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልሰጠ፣ ወይም ውሳኔው ካላረካችሁ፣ በስልሳ ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይቻላል። ቀኑን ቁጠሩ! የገባችሁበትን ቀን በማኅተም አስመቱ። ማኅተም የሌለው ደብዳቤ ያልተጻፈ ደብዳቤ ነው።

ሽንገላ አልወድም፤ ስለዚህ ይህንንም ልንገራችሁ። የአቃቂንና የሞጆን ወንዞች ብክለት ይዞ በዚህ አንቀጽ ፍርድ ቤት የደረሰ የሲቪል ማኅበር ነበር፤ አልተሳካለትም። የከሰሰው ግን ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ራሱን ነበር። እናንተ ፍርድ ቤት ከደረሳችሁ ማንን እንደምትከሱ አስቀድማችሁ አስቡበት። የእኔ ምክር ዶዘሩ ሳይገባ በአቤቱታ መጨረስ ነው። ዶዘር ከገባ በኋላ የምትከራከሩት ስለ ካሳ ነው፤ ለጅረት ካሳ የሚቀበልለት ደግሞ የለም።

የጅረቱ ጎረቤት · ጥቅምት 14፣ ከቀኑ 7፡15

ማን ስም ላይ ልጻፈው? ኮሚቴው ማኅተሙን አላበድርም ብሏል።

ባለ አንቀጹ · ጥቅምት 14፣ ከቀኑ 7፡40

በራስዎ ስም። «ማንም ሰው» ነው የሚለው አዋጁ። እርስዎ ማንም ሰው ነዎት፤ ለአንድ ጊዜ ይህ ጥሩ ነገር ነው።

ቆጣቢው ዘጠና ሰባት · ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 4፡30

ሁለት ቀን አነበብሁ እንጂ አልጻፍሁም። ሐሳቤን ሙሉ በሙሉ ለውጫለሁ አልልም። «ወፍ የት ይቆይ» ሲባል «እኔስ የት ልቆይ» የሚለው ይመጣብኛል፤ መምህሩ አይቀየመኝ።

ግን ከዚራ የጻፈው ትዝታ ቀሰቀሰብኝ። ወንድሜ ከጓደኞቹ ጋር በቤት ማኅበር ተደራጅቶ መሬት ተሰጥቶት ነበር፤ እንደ እናንተው የጅረት ዳር። መሬቱ በነጻ የተገኘ ያህል ደስ አላቸው። ለመሠረት ሲቆፍሩ ሁለት ሜትር ላይ ውኃ ወጣ። በፓምፕ ሲቀዱ ከረሙ። ለቤቱ የቆጠቡት ገንዘብ መሠረቱ ውስጥ ቀረ፤ ብረቱ ዝጎ ቆሟል። ከሃያ አራቱ አባላት ቤቱን የጨረሱት አምስት ናቸው፤ ከአምስቱም የሁለቱ ምድር ቤት በየክረምቱ ውኃ ይገባዋል። ስለዚህ «ለቤት አጡ ነው የሚሰጠው» ሲባል እኔም አሁን ቆም ብዬ እጠይቃለሁ። ጥሩው መሬት ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ለእኛ ገደሉ ይመጣል።

ሌላም ነገር አለ። በየቀኑ በታክሲ ስሄድ በቆርቆሮ የታጠሩ ቦታዎችን እቆጥራለሁ፤ ከቤቴ እስከ ሥራዬ አሥራ አንድ ናቸው። መሐል ከተማ! ሊዝ ተወስዶባቸው ሣር የበቀለባቸው አሉ። የሊዝ አዋጁ በጊዜ ግንባታ መጀመርን ያስገድዳል፤ ያልጀመረ ይመለስበታል። መሬት የለም የሚለኝ ሰው መጀመሪያ ከቆርቆሮው ጀርባ ያለውን ያሳየኝ። እትዬ፣ አቤቱታዎ ላይ ይህን ከጻፉበት እኔም እፈርማለሁ። አማራጭ ሳይጠቁሙ «እዚህ አይሠራ» ብቻ ካሉ ግን አልፈርምም።

የጅረቱ ጎረቤት · ጥቅምት 15፣ ከምሽቱ 5፡05

አሥራ አንዱን ቦታ ጻፍልኝ። ሁለተኛው ገጽ የአንተ ነው።

ተመልካች · ጥቅምት 16፣ ከጠዋቱ 2፡00

ወፉን ዛሬ ጠዋት ሰማሁት። እኔ የምኖረው ሌላ ክፍለ ከተማ ነው፤ እኛ ጋም አለ ለካ። አሥር ዓመት ሙሉ ቁራ ይመስለኝ ነበር።

የማለዳ ወፍ · ጥቅምት 18፣ ከቀኑ 5፡20

ዛሬ ቅዳሜ አሥራ ሦስት ተማሪዎች ይዤ ሄጄ ነበር። ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ቆጠርን። ግራጫው ዘማሪ አለ፤ ቢያንስ ሁለት ናቸው፤ አንዱ ከጎርፍ መውረጃው በላይ፣ ሌላው አጋሙ ውስጥ። የጅብ ኮቴም ጭቃው ላይ አይተናል። ምንጩ ያለው ከላይኛው ጽድ አሥር እርምጃ ዝቅ ብሎ ነው፤ ቀይ ምልክት ከተቀባው ጽድ። ዘበኛው ጋሼ መጡና ምንጩን ለልጆቹ አሳዩአቸው፤ ስም አለው፤ እኛ አናውቀውም ነበር። ስሙን ዝርዝሩ ላይ ጽፈነዋል። በነገራችን ላይ አንዱ ተማሪዬ ቀጋ በልቶ ልብሱን ቀዶ ተመልሷል፤ እናቱ ደውላልኛለች።

የጅረቱ ጎረቤት · ኅዳር 9፣ ከምሽቱ 1፡50

ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር ስለጠየቃችሁኝ የደረስንበትን ልጻፍ።

የአካባቢ ልማት ፕላኑን ቅጂ ለማየት አምስት ጊዜ ተመላለስሁ። አምስተኛው ቀን ላይ አንዲት ወጣት ባለሙያ አዘነችልኝና ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችው። ጅረቱ ከላይ ግማሹ አረንጓዴ ነው። የታችኛው ግማሽ፣ ፍርስራሹ የተደፋበት፣ ቢጫ ተቀብቷል፤ መኖሪያ ማለት ነው። የማሻሻያ ቃለ ጉባኤውን ስጠይቅ ሌላ ክፍል ላከችኝ፤ ሌላው ክፍል ወደ እሷ መለሰኝ። ጡረተኛው ቀያሽ እንደተነበዩት ነው።

አቤቱታው በእኔ ስም ገብቷል፤ ማኅተም ተመትቶበታል፤ ቀኑ ጥቅምት 25 ነው። የወፉ ዝርዝር፣ የችካሎቹ ፎቶ፣ የቆጣቢው አሥራ አንድ ቦታ አብረው አሉ። ከብሎካችን ዘጠኝ ሰው ፈረመ። ኮሚቴው አልፈረመም፤ ሊቀመንበሩ ግን ማታ በሬን አንኳኩቶ «ለብቻዬ ከሆነ» ብሎ ፈረመ። ዘበኛው ጋሼ ደግሞ «እኔ ነዋሪ አይደለሁም» ብለው እምቢ አሉ። «እርስዎ ነዋሪ ካልሆኑ ማን ነው?» ብላቸው ሳቁ፤ ከዚያ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ።

ቢጫ የተቀባውን ግማሽ የምናድነው አይመስለኝም። ባለ አንቀጹም እንደዚያ ነው የሚያስበው። ላይኛውን፣ ምንጩ ያለበትን፣ ይዘን ልንቀር እንችላለን፤ ሠላሳ ቀኑ ገና አልሞላም። በዚህ እሁድ ፍርስራሹን ከላይኛው ድንበር ላይ የምናነሳ ሰዎች አለን፤ አካፋ ያለው ይዞ ይምጣ። ቆጣቢውም እመጣለሁ ብሏል። አከራዩ እስከ ታኅሣሥ ጊዜ ሰጥቶታል፤ ቤት የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉለት፦ አንድ መኝታ ክፍል፣ ውኃ ያለው፣ ከመገናኛ ባይርቅ።

ቀይ ቀለሙ ከጽዶቹ ላይ አልለቀቀም። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በአጠገባቸው ባለፈች ቁጥር በጥፍሯ ትፍቀዋለች። ቅርፊቱን እንዳትጎዳው ነግሬያታለሁ።